ለዓለም ሁሉ የሚሠራ፣ ከአንድ አገር በቀር

ይህ ሙኒክ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ አንድ ፓስፖርት ላወራችሁ ነው የመጣሁት። በ1950ዎቹ የኦስትሪያ መንግሥት ለአንድ ሰው ፓስፖርት ሰጠ። ፓስፖርቱ በዓለም ላለ አገር ሁሉ ይሠራል። አንድ አገር ብቻ ይቀራል። የቀረችው አገር ራሷ ኦስትሪያ ናት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም የለብኝም። ብዙዎቻችን ሰማያዊውን የስደተኛ ፓስፖርት በኪሳችን ይዘን ኖረናል። እኔ የመጀመሪያውን የተቀበልኩበትን ቀን አልረሳውም። ረጅም ወረፋ ጠብቄ ነው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ገለጥኩት። ፎቶዬ አለ። ስሜም አለ፣ አንድ ፊደል ጎድሎበታል። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች፤ ለሁሉም አገሮች የሚያገለግል፣ ከኢትዮጵያ በቀር። እናቴ ያለችው እዚያች አንዲት አገር ውስጥ ነበር። የምወርድበት ጣቢያ አልፎኝ ሄደ።

የእኛን ፓስፖርት የሰጠን የተጠጋንበት አገር ነው። ለዚያ ሰው ግን አትግባ ያለው የገዛ አገሩ ነው። ሰውየው ኦቶ ፎን ሃብስበርግ ይባላል። ከ600 ዓመት በላይ ኦስትሪያን የገዛው ቤት የመጨረሻው አልጋ ወራሽ ነበር። ከ1954 ጀምሮ እስኪሞት የኖረው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ነው። ኤስ 6 ባቡር ይዛችሁ ፖሰንሆፈን ብትወርዱ፣ ከሽታርንበርግ ሐይቅ ዳር፣ ፖኪንግ የምትባል ሰፈር አለች። ቤቱ ቪላ አውስትሪያ ይባላል። አገሩ አላስገባ ስትለው በአገሩ ስም በሚጠራ ቤት ውስጥ ኖረ።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ልጅ ሳለ "እሱ" እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ሲያድግ አንቱ እላቸዋለሁ።

ኦቶ የተወለደው ኖቬምበር 20 ቀን 1912 ነው፣ ከቪየና ደቡብ ራይሼናው በምትባል ቦታ። ያኔ ገና ለዙፋን ቅርብ አልነበረም። በ1914 አልጋ ወራሹ ፍራንስ ፈርዲናንድ ሳራየቮ ላይ ሲገደሉ ተራው ለአባቱ ለካርል ደረሰ። ኦቶ አራት ዓመት በሞላው ማግስት ደግሞ ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ አረፉ። ኖቬምበር 21 ቀን 1916። የዓለም ጦርነቱ መሐል ላይ ነበር።

ከቀብሩ የቀረ አንድ ፎቶ አለ። ካገኛችሁ ረጋ ብላችሁ እዩት። ወደ ኋላ የሚከተለው ሰው ሁሉ ጥቁር በጥቁር ነው። እናቱ እቴጌ ዚታ እስከ እግራቸው ድረስ በጥቁር ዓይነ ርግብ ተሸፍነዋል። አባቱ ወታደራዊ ካፖርት ለብሰዋል። በሁለቱ መሐል አንድ ነጭ የለበሰ ሕፃን ይራመዳል። ፀጉሩ ተበጥሯል። ፊቱ ላይ ለቅሶ የለም፤ ብዙ ሰው ያየ ልጅ ግራ መጋባት ነው ያለው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 30፣ ቡዳፔስት ላይ አባቱ የሃንጋሪን ዘውድ ሲጭኑ ልጁ ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጎ ከወላጆቹ ጋር ሰረገላ ላይ ተቀምጧል። ይኼ ሁሉ ያንተ ነው ተብሎ የተነገረው ልጅ ሁለት ዓመት አልቆየበትም።

በኖቬምበር 1918 በጦርነቱ ተሸነፉ፤ 50 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበረው ግዛት ተበታተነ። ካርል አንድ ወረቀት ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ "ዙፋኔን ለቅቄያለሁ" አላሉም። በመንግሥት ሥራ መሳተፌን ትቻለሁ ነው ያሉት። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፤ ግን በኋላ የልጃቸውን ግማሽ ዕድሜ የበላችው እሷ ናት። አዲሱ የኦስትሪያ ሪፐብሊክ ጥርጥር አልወደደም። ወይ በግልጽ ልቀቁ፣ ወይ ከአገር ውጡ አለ።

በማርች 1919 ቤተሰቡ ከኤካርትሳው አደን ቤት አጠገብ ካለች ትንሽ ጣቢያ ባቡር ተሳፈረ። ስትራት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነበር የሚጠብቃቸው። ጉዞው ወደ ስዊዘርላንድ ነው። እዚህ የተቀመጡ አባቶች ዙፋን ሲወርድ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ያየ ወይም የሰማ ሰው፣ ያ የኤካርትሳው ምሽት ምን ዓይነት ዝምታ እንደነበረው መገመት አያቅተውም። ኤፕሪል 3 ቀን የሃብስበርግ ሕግ ወጣ። የቤተሰቡ ንብረት ተወረሰ። ዙፋን አልፈልግም፣ የሪፐብሊኩ ታማኝ ዜጋ ነኝ ብሎ ያልፈረመ የቤቱ ልጅ ድንበር እንዳያልፍ ተከለከለ። ኦቶ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አባትየው በ1921 ሁለት ጊዜ ወደ ሃንጋሪ ተመልሰው ዙፋኑን ሊይዙ ሞከሩ። ሁለቱም ከሸፈ፤ ሁለተኛው ደም ፈሶበት። እኔ በዚህ ነገር ካርልን አላመሰግናቸውም። ደግ ሰው ነበሩ፣ ጦርነቱንም ለማስቆም ሞክረዋል፤ ግን በተዳከመ አገር ላይ ሠራዊት ይዞ መግባት ለዘውድ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይመስለኝም። የጦርነቱ አሸናፊዎች ወደ ማዴይራ ደሴት ላኳቸው። የፖርቱጋል ደሴት ናት፣ አትላንቲክ መሐል።

ማዴይራ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጌጣጌጡ በእጃቸው የለም። ገንዘብ አለቀ። መጀመሪያ የተቀመጡበትን ቤት መክፈል ሲያቅታቸው አንድ የአገሩ ባለ ባንክ ከፉንሻል ከተማ በላይ ተራራው ላይ፣ ሞንቴ በሚባል ቦታ ያለ ቤቱን ሰጣቸው። ለበጋ የተሠራ ቤት ነው። በክረምት ጉም ይዞት ይውላል። ግድግዳው ያልባል። የሚነድ እንጨት እርጥብ ስለሆነ ከሙቀቱ ጭሱ ይብሳል። እዚያ ውስጥ ሰባት ልጆች አሉ፤ እቴጌዪቱ ስምንተኛውን አርግዘዋል። በማርች 1922 ካርል ለአንዱ ልጃቸው ልደት ስጦታ ሊገዙ በእግር ወደ ከተማ ወረዱ። ሲመለሱ ብርድ መታቸው። ሳል ሆነ፣ ከዚያ የሳንባ ምች። ሐኪም ለመጥራት ዘገዩ፣ ለሐኪም የሚከፈለው ገንዘብ እያሳሰባቸው።

ሊሞቱ ሲሉ የዘጠኝ ዓመቱን ኦቶን አስጠሩት። አንድ ክርስቲያንና አንድ ንጉሥ እንዴት እንደሚሞት ይይ አሉ። ኤፕሪል 1 ቀን አረፉ፣ በ34 ዓመታቸው። እኔም የልጆች አባት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ልጅ ከዚያ ክፍል ውስጥ ማን እንዳወጣው፣ ማታ ማን አጠገቡ እንደተኛ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እቴጌ ዚታ ገና 29 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ለበሱ፤ 67 ዓመት ሙሉ አላወለቁትም።

የስፔኑ ንጉሥ አስጠጓቸው። በባስክ ባሕር ዳር፣ ሌኬይቲዮ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተቀመጡ። ልጁ እዚያ የተማረው እንደ ስደተኛ አልነበረም። እናትየው ነገ ተጠርቶ እንደሚነግሥ አድርገው ነው ያስተማሩት። የኦስትሪያን ትምህርት በጀርመንኛ፣ የሃንጋሪን በሃንጋሪኛ። ከሃንጋሪው የፓኖንሃልማ ገዳም መነኮሳት እየመጡ ያስተምሩት ነበር። ይህን ገዳም አስታውሱልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ሰውየው በኋላ ሰባት ቋንቋ ያህል የሚናገሩት ከዚህ የመጣ ነው። ሸክሙ ግን ለልጅ ከባድ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። "እንመለሳለን" እየተባለ ያደገ ልጅ ሻንጣው መቼም ሙሉ በሙሉ አይፈታም።

ኖቬምበር 20 ቀን 1930 አሥራ ስምንት ዓመት ሞላቸው፤ የቤቱ አለቃ ሆኑ። እንግዲህ አንቱ እላቸዋለሁ። ቤተሰቡ ያኔ ቤልጂየም ነበር፤ በ1935 ሉቬን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ላላ ብሎ ነበር። ብዙ መቶ ቀበሌዎች የክብር ዜግነት ሰጧቸው። ቻንስለር ሹሽኒግ የሃብስበርግን ሕግ አነሱት። ደግ ዘመን ግን አልነበረም፤ ሹሽኒግ ፓርላማ የሌለው አምባገነን መንግሥት ነበር የሚመሩት። ኦቶ ከዚያ መንግሥት ጋር መቀራረባቸው ስማቸው ላይ የቀረ ጥላ ነው። ያንን ልሸፍንላቸው አልፈልግም።

በሂትለር ላይ ግን አቋማቸው ከመጀመሪያው የጠራ ነበር። ከ1932 ወደ 1933 በዞረው ክረምት ለጥናት በርሊን ነበሩ። ሂትለር ሊያገኛቸው ፈለገ። ብዙ ትልቅ ሰው በዚያ በር ሮጦ ይገባ ነበር። እሳቸው አልሄዱም። በፌብሩዋሪ 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ልትውጥ ስትዘጋጅ ለሹሽኒግ ደብዳቤ ጻፉ። መከላከል ካልቻላችሁ ቻንስለርነቱን ለእኔ ስጡኝ፣ ልዋጋ ነው ነገሩ። ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ወታደር የላቸውም፣ ገንዘብ የላቸውም፣ አገሩም እንዲገቡ አልፈቀደም። ሹሽኒግ እምቢ አሉ። ብዙ ታሪክ ጸሐፊ ይህን የወጣት ቅዠት ይለዋል። እኔ ግን ያን ደብዳቤ አከብረዋለሁ። በዚያ ወር አውሮፓ ውስጥ "ልዋጋ" ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

በማርች ጀርመን ገባች። ለወረራው የተዘጋጀው ዕቅድ ስሙ ምን ነበር? "ኦቶ"። አልጋ ወራሹ ከተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። የፍራንስ ፈርዲናንድ ሁለት ወንዶች ልጆች ተይዘው ዳካው ማጎሪያ ገቡ። ዳካው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከዚህ አዳራሽ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

በሜይ 1940 ጀርመን ቤልጂየምን ወረረች። ቤተሰቡ ለጥቂት አመለጠ፤ ትተውት የወጡት ቤት በቦምብ ተመታ። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። ቦርዶ ደረሱ። እዚያ አሪስቲደስ ደ ሶሳ ሜንደስ የሚባሉ የፖርቱጋል ቆንስላ ነበሩ። መንግሥታቸው ለስደተኛ ቪዛ እንዳይሰጡ አዟል። እሳቸው ግን ቀን ከሌት ቁጭ ብለው ፈረሙ። በሺህ ለሚቆጠር ሰው፤ አብዛኛው አይሁዳዊ። የሃብስበርግ ቤተሰብም ፓስፖርት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተፈርሟል። ቆንስላው ለዚህ ከሥራ ተባረሩ፣ በ1954 ድህነት ውስጥ ሞቱ። ይህን ያነሳሁት ከርዕሴ ለመውጣት አይደለም። የንጉሥ ዘርም ሆነ ስም የሌለው ልብስ ሰፊ፣ ያን ሰኔ በአንድ ሰልፍ ለአንድ ማኅተም ነበር የቆሙት። ሰልፍ ምን እንደሚያስተካክል ያየነው እናውቃለን።

የጦርነቱን ዓመታት በብዛት በአሜሪካ አሳለፉ። ሩዝቬልትን እያገኙ ኦስትሪያ የተወረረች አገር ተብላ እንድትቆጠር ይወተውቱ ነበር። በ1945 ወደ ቲሮል ተመለሱ። አገሬ ገባሁ አሉ። ብዙም አልቆዩ፤ እንደገና የቆመው ሪፐብሊክ የሃብስበርግን ሕግ መልሶ ሥራ ላይ አውሎ አስወጣቸው። ናዚዎች ዜግነታቸውን ነጥቀዋል። ሪፐብሊኩ አልመለሰም። አገር አልባ ሆኑ። እየዞሩ ንግግር በማድረግና በመጻፍ ነበር የሚኖሩት።

አንድ ደስ የሚል ነገር በመሐል ይምጣ። እዚህ ሙኒክ ውስጥ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልዕልት ነበረች፤ ሬጂና ትባላለች፣ ከሳክስ ማይኒንገን ቤት። አባቷ ሶቪየት እስር ቤት ውስጥ ሞተዋል። ኦቶ የሃንጋሪ ስደተኞችን ሊጠይቁ መጥተው አገኟት። ሜይ 10 ቀን 1951 ናንሲ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ተጋቡ። ሰባት ልጆች ወለዱ። የፖኪንጉ ቤት የዚህ ጋብቻ ቤት ነው።

እንግዲህ ወደ ፓስፖርቱ ደረስን። በ1956 የታችኛው ኦስትሪያ ክፍለ ግዛት ዜግነታቸውን አወቀ። ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ የመሳፍንት ማዕረግ በሕግ ቀርቷል፤ "ፎን" የምትለዋ ቃል እንኳ ክልክል ናት። ስለዚህ ዶክተር ኦቶ ሃብስበርግ ሎትሪንገን ተብለው ተመዘገቡ። ፓስፖርቱም ለዓለም ሁሉ፣ ከኦስትሪያ በቀር።

ከፖኪንግ እስከ ኦስትሪያ ድንበር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ከሐይቁ ዳር አልፕስ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ እሑድ እዚያ ሄጄ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ተራሮቹን እያየሁ፣ ይህ ሰው በየቀኑ ጠዋት መስኮት ሲከፍት ምን ይሰማው ነበር አልኩ። የእኔ አገር ቢያንስ ከመስኮቴ አይታይም።

ሜይ 31 ቀን 1961 ፈረሙ። ከቤተሰቤ የዙፋን መብት ወጥቻለሁ፣ የሪፐብሊኩ ታማኝ ዜጋ ነኝ አሉ። አባታቸው ያልጻፏትን ቃል ልጅየው ጻፉ። 48 ዓመታቸው ነበር። ብዙ የዘውድ ደጋፊ ከዳን አለ። እሳቸውም ስለዚያ ፊርማ በስተርጅና ሲጠየቁ ምሬታቸው አልወጣላቸውም ነበር። በግድ ያስፈረሙኝ ነው ባይ ነበሩ።

እኔ የማምነው ሌላ ነው፤ እንዲያውም ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይኼ ነው። ያ ፊርማ የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር። ዙፋኑ እስካለ ድረስ፣ በወረቀት ላይም ቢሆን፣ ሰውየው ሁሌ የነገ ሰው ናቸው። ሲፈርሙ የዛሬ ሰው ሆኑ። የሃምሳ ሚሊዮን ሰው ገዥ ሊሆኑ ተምረው ያደጉ ሰው፣ ድምፅ ስጡኝ ብለው የሚለምኑ ሰው ሆኑ። ትምህርቱ ግን አልባከነም። ሃንጋሪኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ የዚያን ሁሉ ሕዝብ ታሪክ ማወቁ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ዋለ።

በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ሶሻሊስቶቹ ፊርማውን አላመኑትም። በ1963 ፍርድ ቤት ፊርማው በቂ ነው ብሎ ፈረደ፤ መንግሥቱ ግን ተከፋፈለ፤ አገሪቱ ታመሰች። በመጨረሻ ኦክቶበር 31 ቀን 1966 ድንበሩን ተሻግረው ኢንስብሩክ ገቡ። ጥቂት ሳይቆይ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ተቃወሙ። አንድ የ53 ዓመት ሰው ለአጭር ጊዜ አገሩ ስለገባ ማለት ነው። የሠራተኞቹንም ፍርሃት አልንቅም። አያቶቻቸውን ወደ ጦር ሜዳ የላከው ያ ቤት ነው። ፍርሃታቸው ከመሬት አልበቀለም። በሜይ 1972 ሶሻሊስቱ ቻንስለር ክራይስኪ እጃቸውን ዘርግተው ሲጨብጧቸው ነው ነገሩ የበረደው።

እቴጌ ዚታ ደግሞ አልፈርምም ብለው ጸኑ። በ1982 ሳይፈርሙ ገቡ፤ በጋብቻ የመጡ ናቸውና ሕጉ አይነካቸውም ተባለ። 63 ዓመት አልፏል። ዘጠናኛ ዓመታቸው ነበር።

ኦቶ በ1978 የጀርመን ዜግነት ጨመሩ፤ በ1979 የአውሮፓ ፓርላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ሲመረጥ በባቫሪያው ሲኤስዩ ፓርቲ በኩል ተመረጡ። 66 ዓመታቸው ነው፤ ብዙ ሰው ጡረታ የሚወጣበት። ሃያ ዓመት ተቀመጡበት። ከሁሉም የምወድላቸው አንድ ነገር አለ። አንድ ባዶ ወንበር በፓርላማው እንዲቀመጥ ጠየቁ። ከብረት መጋረጃው ጀርባ፣ በኮሚኒስት አገሮች ላሉት፣ ለመምጣት ለማይችሉት። ቦታ ተነፍጎ የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው።

ከዚያ ሾፕሮን መጣ። ሾፕሮን ሃንጋሪ ውስጥ ያለች የድንበር ከተማ ናት። በጁን 1989 ኦቶ ደብረፅን በምትባል ሌላ የሃንጋሪ ከተማ ንግግር አደረጉ። ከንግግሩ በኋላ ራት ላይ ጨዋታ ተነሳ። ድንበር ላይ ሽርሽር ብናደርግስ? ከወዲህ ሃንጋሪዎች፣ ከወዲያ ኦስትሪያዎች፣ እሳት አንድደን ሥጋ ብንጠብስስ? ሐሳቡ የአገሩ ልጆች ነው፤ ክብሩም በመጀመሪያ የእነሱ ነው። ኦቶና አንድ የሃንጋሪ ሚኒስትር፣ ፖዥጋይ፣ ስማቸውን ሰጡበት።

ኦገስት 19 ቀን 1989። የድንበሩ በር ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ አሮጌ በር ነው። ለሦስት ሰዓት ይከፈታል ተብሏል፣ ለምልክት። በጀርመንኛ የተጻፈ በራሪ ወረቀት ግን ለእረፍት ሃንጋሪ የመጡ ምሥራቅ ጀርመኖች እጅ ገብቷል። ካርታም አለበት። መኪናቸውን መንገድ ዳር ጥለው መጡ። ሸሚዝና ቁምጣ ለብሰዋል። ልጅ ትከሻ ላይ፣ ቦርሳ ክንድ ላይ። ዕቃ የለም፤ ዕቃ የያዘ ይያዛልና። በሩን ገፉት። የድንበር ጠባቂዎቹ አለቃ አርፓድ ቤላ የሚባል መኮንን ነበር። ተኩሱ የሚል ቃል ከአፉ ብትወጣ ደም ይፈስ ነበር። አላወጣትም። ጠባቂዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው የኦስትሪያዎቹን ፓስፖርት የሚያዩ መሰሉ። ያን ዕለት ከ600 በላይ ሰው ተሻገረ። አንዳንዱ ኦስትሪያ መሬት ላይ ከደረሰም በኋላ ሩጫውን አላቆመም፤ ደርሰሃል ቢሉት አላመነም።

ኦቶ እዚያ አልነበሩም። ልጃቸው ዋልቡርጋ ነበረች፣ መልእክታቸውን ይዛ። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ሆኔከር በኋላ ተቆጥቶ፣ ሰዎቼን በምግብና በማርክ አታለሉብኝ ብሎ ሃብስበርግን በስም ከሰሰ። በኖቬምበር የበርሊን ግንብ ወደቀ። ከ40 ዓመት በላይ በር ለተዘጋባቸው ሰው፣ በር በመክፈት መከሰስ ምን ያህል እንደሚያስደስት ለእናንተ መንገር የለብኝም።

ሁሉም ነገራቸው እንዲህ የሚያምር ነው አልልም። በ2008 ቪየና ፓርላማ ውስጥ በአንድ ዝግጅት ላይ፣ ተጠቂ ነኝ ለማለት ከኦስትሪያ የበለጠ መብት ያለው አገር የለም አሉ። ጭብጨባ ነበረ፤ ከውጭ ግን ቁጣ ተነሳ፤ ተገቢም ቁጣ ነው። በ1938 አደባባይ ሞልቶ ሂትለርን በእልልታ የተቀበለው የአገሩ ሰው ነበር። አገሩን ከሩቅ የወደደ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል። ጥፋቷን ለማየት ዓይኑ እሺ አይልም። እኛም ይህ በሽታ አለብን፤ እንወቀው።

ጁላይ 4 ቀን 2011 ፖኪንግ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። 98 ዓመታቸው ነበር። ጁላይ 16 ቪየና ቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ጸሎት ተደረገ። ሶሻሊስቱ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት መጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ሬሳው ወደ ካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ከሥሩ ባለው ምድር ቤት የሃብስበርግ መቃብር ነው።

በሩ ተዘግቷል። አስተዋዋቂው በዘንግ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ከውስጥ መነኩሴው "ማነው መግባት የሚፈልግ?" አለ። "ኦቶ፣ የኦስትሪያና የሃንጋሪ አልጋ ወራሽ" ተባለ፤ ከዚያ ማዕረጉ ተዘረዘረ። የቦሄሚያው፣ የክሮኤሺያው፣ የዳልማሺያው፣ ማለቂያ የለውም። መልሱ አጭር ነው። "አናውቀውም።" እንደገና አንኳኩ። አሁን የሠሩት ሥራ ተቆጠረ፤ ዶክተር፣ የፓን አውሮፓ ኅብረት ፕሬዚዳንት፣ የአውሮፓ ፓርላማ አባል፣ የብዙ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተር። "አናውቀውም።" ሦስተኛ አንኳኩ። "ማነው?" "ኦቶ፣ ሟች፣ ኃጢአተኛ ሰው።" "እንግዲያው ይግባ።" በሩ ተከፈተ። ከባለቤታቸው ከሬጂና ጋር አንድ ላይ ገቡ።

በማግስቱ ልባቸው ለብቻው ወደ ሃንጋሪ ተወስዶ ፓኖንሃልማ ገዳም ተቀበረ። አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ገዳም ነው፤ በስደት ለልጁ ሃንጋሪኛ ያስተማሩት መነኮሳት ገዳም።

እኔ መቃብሩን አይቻለሁ። ደረጃውን ወርዳችሁ፣ ትላልቆቹን የነሐስ ሣጥኖች አልፋችሁ ስትሄዱ መጨረሻ ላይ አንድ ጸሎት ቤት አለ። ኦቶ እዚያ ናቸው። እናታቸው እቴጌ ዚታም እዚያው ናቸው፤ ኤፕሪል 1 ቀን 1989፣ ባላቸው በሞቱበት ቀን፣ በዚያው በር ገብተዋል። አጠገባቸው የካርል ምስል ቆሟል፣ ከአንገት በላይ ብቻ። ምስሉ ሥር አበባ አስቀምጠዋል። ሬሳቸው እዚያ የለም። አሁንም ማዴይራ ናቸው፣ ሞንቴ ተራራ ላይ፣ በጉሙ ውስጥ ካለችው ቤተ ክርስቲያን።